ከሜዳው ዳር፦ ስለ ቴኒስ አሰልጣኝነት ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም የቴኒስ አሰልጣኝነትን ሙያ የሚመለከቱ ጥያቄዎች ላኩልን ብለን ነበር። ከደረሱን ውስጥ የተደጋገሙትን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ቴኒስ እጫወታለሁ እንጂ ውድድር አሸንፌ አላውቅም። አሰልጣኝ ልሁን ብል ይሳቅብኛል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ የሚስቅ ካለ ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው። አንድሬ አጋሲንና ሞኒካ ሴሌሽን ያሰለጠነው ኒክ ቦሌቴሪ በፕሮፌሽናል ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም። ራፋኤል ናዳልን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የያዘው አጎቱ ቶኒም በተጫዋችነቱ የገነነ ሰው አልነበረም።

ይህ ማለት ግን እጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው እጅ አሸናፊ ኳስ የሚመታ ሳይሆን አንድ ዓይነት ኳስ ደጋግሞ የሚያቀብል ነው። ራስዎን ይፈትኑ። ከመረቡ ማዶ፣ ከኋላው መስመር ፊት ለፊት፣ በአራት ኮን 2 ሜትር በ2 ሜትር ይከልሉ። በራስዎ በኩል ካለው የሰርቭ (የነጥብ ማስጀመሪያ ምት) መስመር ላይ ቆመው 20 ኳስ በራኬት ያቀብሉ። ቢያንስ 16ቱ በተመሳሳይ ከፍታና ፍጥነት እዚያ ውስጥ ካላረፉ ገና ነዎት። ኳሱ አንዴ አጥሮ፣ አንዴ ረዝሞ የሚመጣለት ተማሪ ሲሳሳት፣ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የእርስዎ መለየት አይችሉም።

የምስክር ወረቀቱ መንገድ ግልጽ ነው። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ኮርሶች ጀማሪንና መካከለኛን ከማሰልጠን ይነሱና ወደ ከፍተኛ ተጫዋቾች ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ትምህርቱ በየአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ይሰጣል። ምዝገባው እስኪደርስ ጥሩ ስም ላለው አሰልጣኝ ለሦስት ወር ያህል ረዳት ይሁኑ። ኳስ ይልቀሙ፣ ያቀብሉ፣ ማስታወሻ ይያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአንድ ተማሪ ስንት ጊዜ እርማት እንደሰጠ ይቁጠሩ። ጀማሪ አሰልጣኝ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ይናገራል፤ የበሰለው ግን አሥር አሥራ ሁለት ምት አይቶ አንድ ነገር ብቻ ይላል። ይህን ልዩነት ከኮርስ ይልቅ ሜዳ ዳር ቆሞ መማር ይቀላል።

ጥያቄ፦ 7 እና 8 ዓመት የሆናቸው ስምንት ልጆች አሉኝ። ተሰልፈው በየተራ ይመታሉ። ግማሾቹ ኳሱን አያገኙትም፤ የቀሩት ሰልፍ ላይ ይገፋፋሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰልፉን ያፍርሱት። በ10 ደቂቃ 80 ኳስ ቢያቀብሉ እንኳ ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 10 ምት ነው። የቀረውን ጊዜ የሌላውን ጀርባ እያየ ይቆማል። መገፋፋቱ የጸባይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ኳሱን ይቀይሩ። መደበኛው ቢጫ ኳስ ሲነጥር የዚህን ዕድሜ ልጅ ከትከሻ በላይ ያልፈዋል። ልጁም ለመድረስ ሲል እጁን ከእጀታው ሥር አዙሮ መያዝ ይለምዳል፤ ያ አያያዝ በ14 ዓመቱ ዝቅ ያለ ኳስ ሲመጣበት መከራ ይሆንበታል። ለልጆች ከተሠሩት ኳሶች ቀዩ ከመደበኛው 75 በመቶ፣ ብርቱካናማው 50 በመቶ፣ አረንጓዴው 25 በመቶ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች በሚዘጋጅ ውድድር ቢጫውን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእነዚህ ልጆች ቀዩን ይያዙ። ራኬቱ እንደ ቁመታቸው ከ19 እስከ 23 ኢንች ይሁን። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ወደ ታች ሲዘረጋ የራኬቱ ጫፍ መሬት ላይ ከተጎተተ ረዝሞበታል።

ሜዳውን ደግሞ በወርዱ ይጠቀሙበት። የሙሉ ሜዳ ወርድ ከጥንድ መስመር እስከ ጥንድ መስመር (ለጥንድ ጨዋታ ከሚያገለግሉት የዳር መስመሮች አንዱ እስከ ሌላው) 10.97 ሜትር ነው፤ ይህ ለቀይ ኳስ ሜዳ ርዝመት ልክ ይመጣል። ከትልቁ መረብ ወገብ ተነሥቶ እስከ ኋላው አጥር ድረስ አንድ ገመድ በ80 ሴንቲሜትር ከፍታ ይወጥሩ። በዚያ ገመድ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ሜዳ ይኖርዎታል፤ የእያንዳንዱ ወርድ 5.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። በመረቡ ማዶም እንዲሁ ሲያደርጉ አራት ሜዳ ሞላ። ስምንት ልጅ፣ አራት ሜዳ፣ ጥንድ ጥንድ፤ የሚጠብቅ የለም።

በመጀመሪያ ያለ ራኬት ይወራወሩ፤ ኳሱ አንዴ ነጥሮ ይያዝ። ከዚያ አንዱ በእጅ ሲወረውር ሌላው በራኬት ይመልስ። ቀጥሎ ሁለቱም በራኬት። ስድስት ጊዜ ያለ ስህተት የተቀባበለ ጥንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ። እርስዎ ይዙሩ። ሲዞሩም መሬት ላይ የቀረውን ኳስ በእግርዎ ወደ አጥሩ ይግፉት፤ በልጆች ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚያዞረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ተማሪዬ ቀኝ እጅ ናት። የመጀመሪያ ሰርቯ ጠንካራ ነው። የመጀመሪያው ሲስት የሚመታው ሁለተኛው ግን ልምምድ ላይ ይገባል፤ ውድድር ላይ መረቡን ይመታል። «ዘና በይ» እላታለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ «ዘና በይ» ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም። ይህ ችግር ብዙውን ጊዜ ከጭንቅላት በፊት ከእጅ ይጀምራል።

የራኬት እጀታ ስምንት ገጽ አለው። ራኬቱ በጠርዙ ሲቆም ከላይ ያለውን 1ኛ ብለው ወደ ቀኝ ይቁጠሩ። ለሰርቭ የአመልካች ጣቷ ሥር አንጓ 2ኛው ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት፤ መዶሻ እንደሚያዝ ማለት ነው። 3ኛው ላይ ካገኙት የያዘችው የፎርሃንድ (በመምቻ እጅ በኩል የሚመታ ምት) አያያዝ ነው። ለማረጋገጥ ከጀርባዋ ቆመው ይዩ። ራኬቱ ከራሷ በላይ ሊወጣ ሲል ፊቱ ሰማይ ካየ፣ ልጅቷም ትሪ የተሸከመች አስተናጋጅ ከመሰለች፣ ነገሩ ታወቀ።

በዚህ አያያዝ ኳሱ ሽክርክሪት አያገኝም፤ የሚሄደው ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። ጠፍጣፋ ኳስ ሜዳ ውስጥ እንዲወድቅ ደግሞ ያላት አማራጭ እጇን ማዘግየት ብቻ ነው። ውድድር ላይ ስትፈራ ይበልጥ ታዘገየዋለች፤ መረቡን የሚያገኘው ያኔ ነው። ጥሩ ሁለተኛ ሰርቭ ግን እጅ የሚፈጥንበት፣ ኳስ የሚሽከረከርበት ምት ነው።

ማረሚያው እንዲህ ነው። አያያዟን ካስተካከሉ በኋላ ከመረቡ 6.40 ሜትር ወደሚርቀው የሰርቭ መስመር ያምጧት። ቀኝ ጉልበቷን አንጥፋ ትንበርከክ፤ ከዚያ ሆና ወደ ማዶው የሰርቭ ሳጥን ትምታ። ከታች ወደ ላይ ካልጠረገችው ኳሱ መረቡን ስለማያልፍ፣ እርስዎ የሚያስረዱትን አቀማመጡ ራሱ ያስረዳታል። አሥር አሥር ኳስ በአራት ዙር። ከዚያ ቆማ፣ በየዙሩ ሁለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እየራቀች እስከ ኋላው መስመር ትድረስ። ዒላማዋ ሳጥኑ ሳይሆን ከመረቡ በላይ 1 ሜትር ያህል ያለው አየር ይሁን። ሁለት ረዥም እንጨት ከመረቡ ጋር አስረው በመካከላቸው ገመድ ቢወጥሩ ዒላማው በዓይን ይታያል። ወደ ላይ የምትወረውረው ኳስም ከራሷ በላይ ትንሽ ወደ ግራ ይሁን። ሳትመታው ብትተወው ከፊቷ ርቆ ከወደቀ ሽክርክሪቱን አታገኘውም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ድርብ ስህተቷ (ሁለቱንም ሰርቭ መሳቷ) ይጨምራል፤ አዲሱ አያያዝ ኳሱን ወደ ግራ ይወስድባታል። ይህን አስቀድመው ለእሷም ለወላጆቿም ይንገሩ። ውድድር በቀረበበት ሳምንት ግን አይጀምሩት። ብዙ አሰልጣኝ ትክክለኛውን እርማት በተሳሳተ ሳምንት ሰጥቶ ተማሪውን አጥቷል።

ጥያቄ፦ የልምምድ ኳስ መቼ ነው የሚጣለው?

መልስ፦ በደንቡ መሠረት ውድድር ላይ የሚውል ኳስ ከ254 ሴንቲሜትር ከፍታ ሲለቀቅ በጠንካራ ወለል ላይ ከ135 እስከ 147 ሴንቲሜትር መንጠር አለበት፤ ክብደቱም ከ56.0 እስከ 59.4 ግራም ነው። ለልምምድ ይህን ያህል መጥበብ አያሻም። አዲስ ኳስና ጥርጣሬ ያለበትን ከትከሻ ከፍታ አንድ ላይ ይልቀቁ፤ አሮጌው ከአዲሱ ቢያንስ በአንድ ጭብጥ ካነሰ ከምት ልምምድ ይውጣ። ለእግር እንቅስቃሴ፣ ለቮሊ (ኳሱ ሳይነጥር ለሚመታ ምት)፣ ለሰርቭ ውርወራ ገና ያገለግላል። የማይመከረው መቀላቀል ነው። 80 ኳስ በሚይዝ ቅርጫት ውስጥ 20 የሞቱ ኳሶች ካሉ ተማሪው የምቱን ጊዜ ሊለምድ አይችልም፤ አዘግይቶ መምታት የጀመረበትን ምክንያትም በከንቱ ክንዱ ላይ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች አብሬው እንድዞር ጠይቆኛል። ውሉ ውስጥ ምን ላስገባ?

መልስ፦ በዚህ ስፖርት ውስጥ ተጫዋቹ ተማሪዎም ቀጣሪዎም ነው። ሌላው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ክፍያው በብዛት ሦስት ነገር አለው፦ የሳምንት ደመወዝ፣ የጉዞና የማደሪያ ወጪ፣ ከሽልማት ገንዘብ መቶኛ። መቶኛው 10 አካባቢ ሲሆን ይሰማል እንጂ የተጻፈ ደንብ የለውም።

ጠብ የሚነሣው ባልተጻፈው ላይ ነው። መቶኛው ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጥንድ ጨዋታ ሽልማት ይጨምራል? እርስዎ ያልተገኙበት ውድድርስ? ተጫዋቹ ተጎድቶ ሁለት ወር ቢተኛ ደመወዙ ይቀጥላል? የስንብት ማስጠንቀቂያው ስንት ሳምንት ነው? የመጨረሻውን አጥብቀው ይያዙ። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የወደቀ ተጫዋች ከሁሉ በፊት የሚቀይረው አሰልጣኙን ነው፤ የመመለሻ ትኬት ማን እንደሚችልም አስቀድሞ ይታወቅ።

ወቅቱ ከጥር እስከ ኅዳር ይዘልቃል። በዓመት ከ25 ሳምንት በላይ ከቤት መራቅ የተለመደ ስለሆነ፣ የእረፍት ሳምንታትዎንም በቁጥር ያስቀምጡ። ደረጃው ዝቅ ያለ ተጫዋች ወጪውን ብቻውን ካልቻለ ሁለት ተጫዋቾች አንድ አሰልጣኝ መጋራታቸው ነውር አይደለም። ነገር ግን እርስ በርስ ሲገናኙ የት እንደሚቀመጡ ከወዲሁ ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ በጨዋታ ወቅት ተጫዋቼን መምከር ይፈቀዳል?

መልስ፦ ድሮ በግለሰብ ውድድር ክልክል ነበር። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ግን ደንቡ የውድድሩ አዘጋጅ ከፈቀደ ከሜዳ ውጪ ሆኖ መምከርን ያስችላል። በነጥቦች መካከል አጭር ቃል ወይም የእጅ ምልክት ይበቃል፤ ነጥብ እየተጫወቱ ሳለ ግን አይቻልም። ፈቃዱን ውድድሩ ሳይጀመር ከዋናው ዳኛ ያረጋግጡ። የተፈቀደ ሁሉ ግን አይጠቅምም። ተጫዋቹ በነጥቦች መካከል ያለው ጊዜ 25 ሰከንድ ነው፤ ፎጣውንም ትንፋሹንም የሚያገኘው በዚያ ውስጥ ነው። «ሁለተኛ ሰርቩን ወደ ባክሃንዱ» (ከመምቻ እጁ ተቃራኒ ወደሆነው ጎን) ይሰማል። ስለ ክርን አቀማመጥ የሚሰጥ ማብራሪያ ለነገ ልምምድ ይቆይ።

ጥያቄ፦ በቀን ስድስት ሰዓት አሰለጥናለሁ። ትከሻዬ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል።

መልስ፦ ቅርጫቱ የት እንደሚቀመጥ ይመልከቱ። ከጀርባዎ ወይም መሬት ላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኳስ ይጠማዘዛሉ፤ በቀን አንድ ሺህ ጊዜ ማለት ነው። በማይመታው እጅዎ በኩል፣ ከወገብ ከፍታ ላይ ያድርጉት። የሚያቀብሉትን በዝግታ ከወገብ በታች ይምቱ፤ ተማሪው ቅርብ ከሆነ በእጅ ይወርውሩለት። ከሁለት ሰዓት አንዱን ተማሪዎቹ እርስ በርስ በሚጫወቱበት ልምምድ ያሳልፉ፤ ለእነሱም የሚሻለው ይኸው ነው። ራኬትዎ የተወጠረው በጠንካራ ፖሊስተር ክር ከሆነ በለስላሳ ይቀይሩት፤ ውጥረቱንም ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያርግቡት፤ ኳስ ለማቀበል ጠንካራ ክር አያስፈልግዎትም። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ወይም ክንድዎን ከትከሻ በላይ ማንሣት የሚያቅትዎ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም ይሂዱ።