የመጀመሪያ ብድራችሁን ስትወስዱ

ይድረስ ለባሕር ዳር ወጣቶች፤ በፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) በር ላይ ፎቶ ኮፒ ለከፈታችሁ፣ ባጃጅ ለመግዛት ለምታስቡ፣ ጣና ዳር ዓሣ ለምትጠብሱ።

ልጆቼ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ካርድ አንዳንዶቻችሁ «ክሬዲት ካርድ» ትሉታላችሁ። እሱ የራሳችሁን ገንዘብ መልሶ የሚሰጣችሁ የኤቲኤም ካርድ ነው። አሥር ዓመት ብትጠቀሙበትም «ተበድሮ መለሰ» የሚል አንድ መስመር አያጽፍላችሁም። እቁብም እንደዚያው ነው፤ ሳያዛንፉ መጣል ትልቅ ነገር ቢሆንም ባንኩ አያየውም። ባንኩ የሚያየው የሒሳባችሁን እንቅስቃሴና በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት በስማችሁ የተመዘገበውን ነው። ስለዚህ የግብር ከፋይ (ቲን) ቁጥራችሁና የፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ፊደሉ ሳይቀር አንድ ይሁን።

ብድር ሊጠይቅ ሲል ከዘመድ 80,000 ብር ለምኖ የሚያስገባ አለ። ሰኞ ገብቶ ሐሙስ ሲወጣ ስቴትመንቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የብድር ባለሙያው ገና ወረቀቱን ሲገልጥ ያውቀዋል። ለስድስት ወር በየቀኑ 600፣ 700 ብር ሽያጭ ያስገባ ልጅ ከዚያ በብዙ ይሻላል። ሽያጩን በእጅ ተቀብላችሁ በእጅ ካወጣችሁት ሱቃችሁ ለባንኩ የለም። የእቁብ ዕጣ ሲወጣላችሁም በሒሳባችሁ ይለፍ።

የስልክ ብድር ቀላል ስለሆነ ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በእሱ ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን አስሉት። 2,000 ብር ጠይቃችሁ 100 ብር የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ተቀንሶ 1,900 ቢደርሳችሁ፣ በ30 ቀን የምትመልሱት 2,000 ነው። አምስት በመቶ ይመስላል፤ እጃችሁ የገባው 1,900 ስለሆነ ግን 5.26 በመቶ ነው። በየወሩ እያደሳችሁ ዓመት ብትቆዩ 1,200 ብር ከፍላችሁም ዕዳው እንዳለ ይጠብቃችኋል። ዓሣ ገዝቶ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ለሚያዞረው ያዋጣ ይሆናል። ለቤት ኪራይ ግን አትውሰዱ፤ ኪራይ አይወልድም። ስትመልሱ ቀሪው ዜሮ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ የተረሳች 12 ብር ቅጣት እየጎተተች ስም ታበላሻለች። ሲም ካርዳችሁን ለጓደኛ አታውሱ፤ በእሱ የተወሰደው ብድር የእናንተ ነው።

ወደ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ስትሄዱ «ወለዱ 18 በመቶ ነው» ቢሏችሁ «በምን ላይ ተሰልቶ?» በሉ። 60,000 ብር ለ12 ወር ብትወስዱና ወለዱ በመጀመሪያው ዕዳ ላይ ቢሰላ፣ ወለዱ 10,800፣ የወሩ ክፍያ 5,900 ብር ይሆናል። በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን ወለዱ 6,010 ገደማ፣ የወሩ ክፍያ 5,500 ገደማ ነው። በመቶኛው አንድ ሆኖ 4,800 ብር ያህል ይለያያል። የክፍያ ሰሌዳውን ከፊርማ በፊት ታትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ሰሌዳው ከገቢያችሁ ጋር ይሂድ። ፔዳ በር ያለ ሱቅ ተማሪ በሌለበት ሐምሌና ነሐሴ እንደ ግንቦት አይሸጥም። ይህን ቀድማችሁ ብትናገሩ ክፍያው በነዚያ ወራት ዝቅ እንዲል መደራደር ይቻላል። ከፈረማችሁ በኋላ ከመጣችሁ ግን ጉዳዩ የብድር ማራዘም ጥያቄ ሆኖ ይታያል፤ እሱም በታሪካችሁ ላይ ይቀመጣል። የመክፈያው ቀን 10 ከሆነ 7 ላይ ክፈሉ፤ በዓል አለ፣ ኔትወርክ ይጠፋል። 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሹት ይመደባል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ባንክ ብትሄዱም ይታያል። ካልቻላችሁ ቀኑ ሳይደርስ ሄዳችሁ ንገሩ። ስልኩን የዘጋን ተበዳሪ የሚረዳ የብድር ባለሙያ የለም።

ዋስነትን በተመለከተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በነበረበት ዘመን የቡድን ዋስትና ብዙ ሰው መያዣ ሳይኖረው እንዲበደር አድርጓል። ያ ቡድን እርስ በርስ ይተዋወቅ ነበር። እናንተ ለሥራ ባልደረባ ስትፈርሙ ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ፈልጉ። ካለ፣ ባንኩ ዋናውን ተበዳሪ ሳያሳድድ በቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይችላል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ዲቪ ደርሷችሁ አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ፣ የዚህ አገር ታሪካችሁ አብሯችሁ አይሻገርም። እዚያ እውነተኛውን ክሬዲት ካርድ፣ በባንኩ ገንዘብ ገዝታችሁ በኋላ የምትከፍሉበትን፣ ታገኛላችሁ፤ ለጀማሪ የሚቀለው በተቀማጭ የሚሰጠው ነው። 200 ዶላር ብታስይዙ ባብዛኛው የመበደሪያ ጣሪያው ያው 200 ነው፤ በወር ከ60 ዶላር (ከጣሪያው 30 በመቶ) በላይ ዕዳ ሳይታይባችሁ ተጠቀሙ። የወሩ ሒሳብ ተደምሮ የሚዘጋበት ቀንና የመክፈያው ቀን ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 21 ቀን አለ። በመክፈያው ቀን ሙሉውን ክፈሉ። «ዝቅተኛ ክፍያ» የሚለውን ብቻ ከከፈላችሁ ቅጣት አይኖርም፣ ወለዱ ግን ይቀጥላል። 30 ቀን የዘገየ ክፍያ ሪፖርት ተደርጎ 7 ዓመት ይቆያል። በካርዱ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ አታውጡ፤ ወለዱ ከዚያችው ቀን ይጀምራል።

ወደ እኛው ብድር ልመለስ። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈላችሁ ቀን ደረሰኝ ይዛችሁ ብቻ አትውጡ። ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቁ። ባጃጁ ወይም ቤቱ ተይዞ ከነበረ፣ እግዱ መነሳቱን የመዘገበው ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ለመሸጥ ሲነሳ ነውና።