የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሮልስን አሸንፏል?

ጥያቄ፦ ፈላስፋው ጆን ሮልስ የሀብት ልዩነት የሚፈቀደው ዝቅተኛውን መደብ ሲጠቅም ብቻ ነው ማለቱን አንብቤያለሁ። ታዲያ ጎበዝና ሰነፍ እኩል ይከፈላቸው ማለት ነው? በቁጥር ብታሳዩኝ።

መልስ፦ አይደለም። ሦስት የኢኮኖሚ ሥርዓቶች እናስቀምጥ፤ በእያንዳንዳቸው ብዛታቸው እኩል የሆነ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ መደቦች አሉ። በዕድሜ ልካቸው የሚጠብቁት ድርሻ በነጥብ ሲለካ በመጀመሪያው ሥርዓት 10፣ 10፣ 10፤ በሁለተኛው 14፣ 20፣ 40፤ በሦስተኛው 11፣ 45፣ 90 ይሁን። ድምር የሚያሰላ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ሦስተኛውን ይመርጣል፤ 146 ነጥብ አለውና። ሮልስ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የሚያስተያየው የሦስቱን ዝቅተኛ መደቦች ነው፦ 10፣ 14፣ 11። ስለዚህ ሁለተኛው ያሸንፋል። ፍጹም እኩልነት ያለበት የመጀመሪያው መጨረሻ ይወጣል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ሥርዓት ውስጥ 14ን ከ40 ጋር ያወዳድርና «ኢፍትሐዊ ነው» ይላል። መርሑ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሕጎቹ ቢለወጡ ዝቅተኛው ቦታ ከ14 ከፍ ይል ነበር ወይ?

ሌላው ስህተት ቅደም ተከተሉን መዝለል ነው። መሠረታዊ ነጻነቶች ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ እውነተኛ የዕድል እኩልነት፤ ከላይ ያየነው፣ የልዩነት መርሕ የሚባለው፣ ወረፋው የመጨረሻ ነው። ለድሆች 5 ነጥብ ጨምሮ የእምነት ነጻነታቸውን የሚነጥቅ ሕግ ነጥብ ሳይቆጠርለት ይወድቃል። ደግሞም መርሑ የሚዳኘው ሕገ መንግሥትን፣ የንብረትና የግብር ሕግን የመሳሰሉ ዋና ተቋማትን እንጂ የእያንዳንዱን ቀጣሪና ሠራተኛ ውል አይደለም። ጎበዙ ሠራተኛ በሕጉ መሠረት ቃል የተገባለትን ይወስዳል።

ድክመት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሦስተኛው ሥርዓት 11 መሆኑ ቀርቶ 13.9 ቢሆንስ? ለ0.1 ነጥብ ሲባል 45ና 90ን መተው ለብዙዎች አይዋጥም። የኢኮኖሚ ሊቁ ጆን ሃርሳኒ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቸው በዚሁ አቅጣጫ ነበር፤ ሮልስ እንደሚያስበው፣ በየትኛው መደብ እንደሚገኝ ሳያውቅ ሥርዓት የሚመርጥ አስተዋይ ሰው አማካዩን ያሰላል እንጂ የከፋውን ዕጣ ብቻ አይፈራም አለ። ሮልስ በየትኛው መደብ የመገኘትን ዕድል መገመት የሚቻልበት መሠረት የለም ብሎ ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ከዚህ መልሱ ይልቅ ውሃ የሚያነሳው ሌላኛው መከራከሪያው ነው፦ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለው ሰው «ለሌሎች ትርፍ ስትል አንተ ይቅርብህ» ብሎ ማሳመን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ምሳሌ ሮልስን አፍርሶታል» ይላል። የት ላይ ልያዘው?

መልስ፦ መጀመሪያ ክርክሩን በሙሉ ኃይሉ ያስቀምጡት። ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዲህ አለ፦ ፍትሐዊ ነው ብለው ራስዎ ከመረጡት ድልድል እንነሳ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዊልት ቻምበርሊን በሜዳው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ትኬት 25 ሳንቲም እንዲደርሰው ይዋዋላል። ተመልካቹ ያቺን 25 ሳንቲም የተጫዋቹ ስም በተጻፈበት ሳጥን ለብቻዋ ይጨምራታል። በአንድ የውድድር ዘመን 1 ሚሊዮን ሰው ቢገባ 250,000 ዶላር ይሆናል። የመጀመሪያው ድልድል ፈረሰ፤ ግን ማን ተበደለ? የሰጠው ወዶ ነው፤ ያልገባው ሰው ድርሻም አልተነካም። ስለዚህ አንድን የድልድል ቅርጽ ሳይናወጥ ለማቆየት የሚፈልግ መንግሥት በሰዎች ኑሮ ሁልጊዜ ጣልቃ መግባት አለበት።

መያዣው ከመነሻው ነው። ሰዎቹ በመጀመሪያ የተሰጣቸው ምን ዓይነት ባለቤትነት ነው? ሕጉ ከትልቅ ገቢ 30 በመቶ ግብር እንደሚከፈል አስቀድሞ ከደነገገ፣ ከ250,000ው 75,000 ዶላሩ አንድም ቀን የቻምበርሊን አልነበረም። ተመልካቹም ከግብር ነጻ የሆነ ገንዘብ ሊሰጠው አይችልም፤ እሱ ራሱ የለውምና። ምሳሌው ፍጹም ባለቤትነትን ሳይናገር በመነሻው ያስገባና ኋላ እንደ ውጤት ያወጣዋል። ጓደኛዎ «እንዲህ የተገደበ ንብረት ንብረት አይባልም» ካሉ ጥሩ ነው፤ ግን ያንን በሌላ ክርክር ማስረዳት የእሳቸው ዕዳ ነው።

በተጨማሪ ፈላስፋው ጄራልድ ኮኸን ያነሳውን ያስታውሱ፦ ትኬት ያልገዛው ሰው ድርሻው ባይነካም፣ የተከማቸው ሀብት የሚያመጣው የኃይል ብልጫ ይነካዋል።

ሦስተኛውን ነጥብ የሰጠን ኖዚክ ራሱ ነው። በእሱ ንድፈ ሐሳብ ሀብት ፍትሐዊ የሚሆነው አመጣጡና ዝውውሩ ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ካልሆነ መታረም አለበት። ያለፈው በደል ከባድ ከሆነ ለማረም ሲባል ለጊዜው ሰፋ ያለ መንግሥት ሊያስፈልግ እንደሚችልም ጽፏል። እሱን ጠቅሰው ግብርን በሙሉ የሚያወግዙ ሰዎች ይህን ክፍል ብዙም አያነሱትም።

ጥያቄ፦ 90 በመቶው ሕዝብ ከደገፈ የጥቂቶችን መብት መሻር ይቻላል?

መልስ፦ እንደ መብቱ ዓይነት ነው። የሕግ ሊቁ ዌስሊ ሆፌልድ እ.ኤ.አ. በ1913 «መብት» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩትን አራት ነገሮች ለይቷል፦ ሌላው የመፈጸም ግዴታ ያለበት የይገባኛል ጥያቄ፣ የማድረግ ነጻነት፣ ሕጋዊ ግንኙነትን የመለወጥ ሥልጣን፣ እና ከሌላው ሥልጣን መጠበቂያ ከለላ። ተራ ሕግ የሰጠውን የይገባኛል ጥያቄ ተራ ሕግ ሊያነሳው ይችላል። ከለላ ከሆነ ግን ሕግ አውጪው ሥልጣኑ የለውም፤ ድምፁ 51 ሆነ 90 በመቶ ለውጥ አያመጣም። የመብት ድንጋጌ ሲያነቡ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ግዴታው የተጣለው በማን ላይ ነው? አንቀጹን የመለወጥ ሥልጣን የተነፈገውስ ማን ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኙ፣ ያ መብት በሚቀጥለው ምክር ቤት ፈቃድ የሚኖር ነው።