የአጥር ድንጋይህ እየተላጠ ከሆነ ቫርኒሹን ተወው

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «አጥሬ በአምቦ ድንጋይ የተገነባ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መገጣጠሚያውን በስሚንቶ አስደፈንኩት። አሁን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋዩ እየተላጠ ነው፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ቫርኒሽ ልቀባው?»

ወንድሜ፣ እባክህ አትቀባው። ያ ነጭ ነገር ጨው ነው። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ሁሉ ድንጋዩም ጨው የሟሟበትን ውሃ ከመሬት ወደ ላይ ይስባል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን እዚያው ቀርቶ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ እየጠጠረ ፊቱን ከውስጥ ይገፋዋል። በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል፣ በየዙሩ ስስ ልጣጭ ይረግፋል። ቫርኒሽ ከቀባህበት ጨዉ ከቅቡ ሥር ይጠራቀምና ፊቱን በትልልቁ ገንጥሎ ይጥለዋል።

ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም። የአምቦ ድንጋይ አሸዋማ ስለሆነ እንደ ጥቁሩ ድንጋይ አይደለም፣ ውሃ ይጠጣል። ስሚንቶው ደግሞ ከእሱ ይጠነክራል፣ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም። በመገጣጠሚያው መውጣት የነበረበት እርጥበት መንገዱ ሲዘጋበት በድንጋዩ ፊት ወጣ። ጠጋ ብለህ እየው፤ ድንጋዩ ጎድጉዶ የስሚንቶው መስመር ብቻ እንደ ጅማት ቆሞ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ውሃውን ከሥሩ አርቀው። አጥሩን ተጠግቶ የተከመረ አፈር ካለ አንሳው፣ ቦይ አስቆፍር፣ የጣሪያው አሸንዳ እዚያ የሚፈስ ከሆነ አዙረው። ይህ ሳይሠራ ሌላው ሁሉ የባከነ ገንዘብ ነው። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፤ በውሃ ካጠብከው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ስሚንቶውን በመሮ ቀስ ብለህ አስወጣና አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ አድርገህ ድፈነው። ሠራተኛው ዓይኑን ይጠብቅ፣ ኖራ ያቃጥላል። ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው፤ ኖራ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል።

ኖራ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሉህ ግንበኞች ይኖራሉ። የጎንደርን ግንቦች ጣሊያን በስሚንቶ ጠግኗቸው ነበር፣ በኋላ ግን ጥገናው ወደ ኖራ ነው የተመለሰው።

በጣም የተበላውን ድንጋይ አውጥተህ ቀይረው፣ በስሚንቶ አትለስነው። በመጀመሪያው በጋ ነጩ ዱቄት እንደገና ቢወጣ አትደንግጥ፤ ውስጥ የቀረው ጨው እየወጣ ነው፣ በብሩሽ ጥረገው።