የጃፓኑን ልያዝ ወይስ የአውሮፓውን?

ጥያቄ፦ ያደግሁት ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው። አሁን ድሬዳዋ ድራፍቲንግ እየተማርኩ ነው። የቤት ውስጥ ዲዛይነር መሆን እፈልጋለሁ። ፖርትፎሊዮዬን በጃፓን ስታይል ልሥራው ወይስ በአውሮፓ?

መልስ፦ በድሬ ወግ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ሁለቱን ያን ያህል አታራርቂያቸው። ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት መሥራች ዋልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1954 ኪዮቶን ሲጎበኝ፣ እነሱ፣ የአውሮፓ ዘመናዊ አርክቴክቶች፣ ሲታገሉለት የኖሩት ነገር በድሮው የጃፓን ባህል ውስጥ እንዳለ ለአርክቴክቱ «ለ ኮርቡዚዬ» ጽፎለታል። ያየው ምን ነበር? ክፍሉ የሚለካው በምንጣፉ ነው፣ በታታሚ። እንጨቱ እንጨት መሆኑን አይደብቅም። ዕቃ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይትም የጃፓን ሥዕል ኅትመቶችን ይሰበስብ፣ ይሸጥም ነበር። በሠራቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ መቀመጫና መደርደሪያውን ከግድግዳው ጋር አያይዞ ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ «ጌይ ጋር»፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ትዝ አላለሽም? ያደግሽበት ከተማ ቤት እኮ ነው! አምስቱ ነደባዎች (መቀመጫ መደቦች) ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ይናገራል። ሶፋ አያስፈልግም፣ ቤቱ ራሱ መቀመጫ ነው። ልዩነትም አለ። ጃፓኖች በቶኮኖማቸው፣ ግድግዳው ላይ ገባ ብላ በተሠራችው የማስጌጫ ቦታ፣ አንድ ሥዕል፣ ቢበዛ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ያኖራሉ። የሐረር ግድግዳ ግን በስፌትና በሳህን ይሞላል። እኔ የሐረሩን እመርጣለሁ፤ ወለሉ ባዶ ስለሆነ ግድግዳው ቢሞላም አይጨንቅም።

ስለዚህ ከኢንተርኔት የተለቀመ ቡናማና ነጭ ሳሎን ይዘሽ አትሂዪ። ቀጣሪው ሰልችቶታል። ይልቅ አንድ ጌይ ጋር በሜትር ለኪ። ፕላኑንና ቁርጡን ሥሪ፣ የእያንዳንዱን ነደባ ከፍታ ጻፊ። አጠገቡ በዚያው ስኬል የታታሚ ክፍልና የራይትን አንድ ሳሎን አስቀምጪ። ከዚያ የራስሽን ጨምሪ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላለች ጠባብ ካፌ መቀመጫው ከግድግዳው ጋር የተሠራ ዲዛይን። ዋናው እሱ ነው፤ ሦስቱ ማስረጃዎችሽ ናቸው። «ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ሲሉሽ እያሳየሽ ትመልሻለሽ።

አውቶካድ ከቻልሽ በእሱ፣ ካልሆነም በእጅ ይሁን። ብቻ የቤቱን ባለቤቶች ሳታስፈቅጂ ፎቶ እንዳታነሺ።