ሪፈረንስ፣ ጥቅስና ኮፒ ፔስት፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ለያዛችሁ ጥያቄና መልስ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ሁለት ቦታ ይጨናነቃል፤ ፎቶ ኮፒ ቤትና የአማካሪ ቢሮ በር። ስለ ምንጭ አጠቃቀም የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ የላኪዎቹን ስም ትቼ እመልሳለሁ። ተማሪ አማክራለሁ፣ ዲፌንስ ላይም ፈታኝ ሆኜ እቀመጣለሁ። መልሴን በዚያው ዓይን እዩት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃላቱን እስከቀየርኩ ድረስ ምንጭ መጥቀስ ግድ ነው እንዴ? ጓደኞቼ «ፓራፍሬዝ ካደረግሽው ያንቺ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ግድ ነው። በራስሽ ቃል ስትጽፊ የሚቀረው ትምህርተ ጥቅሱ እንጂ የደራሲው ስም አይደለም። ደግሞ ብዙ ሰው ፓራፍሬዝ የሚለው ነገር ፓራፍሬዝ አይደለም። እንበልና አንድ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፦ «ግንቡ የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ድንጋዩ ከአካባቢው የተገኘ ሲሆን ማያያዣው ኖራ ነው።» ተማሪው ደግሞ እንዲህ ይጽፋል፦ «ሕንጻው የታነጸው በ1600ዎቹ ነው፤ ድንጋዩ ከዚያው አካባቢ የመጣ ሲሆን ማጣበቂያው ኖራ ነው።» ግንብ ሕንጻ ሆነ፣ መሥራት ማነጽ ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ይሄ ልብስ ቀይሮ የመጣ ኮፒ ነው። ምንጩን ብትጠቅሺ እንኳ አይጸዳም፤ አጻጻፉ የሰው ነዋ።

መጽሐፉን ዝጊው። አሁን ለጓደኛሽ ብታስረጂ ምን ትያለሽ? «ግንበኞቹ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ ያጣበቁትም በኖራ ነው» ትይ ይሆናል። እሱን ጻፊና ደራሲውን፣ ዓመቱንና ገጹን ቅንፍ ውስጥ አስገቢ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተሽ ሐሳቡ እንዳልተዛባ አስተያዪ። ደራሲው ያለበት መንገድ ራሱ አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ ጥቀሺው። በኤፒኤ (ብዙ ትምህርት ክፍል የሚከተለው የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት ነው) 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅስ ያለ ትምህርተ ጥቅስ፣ ገባ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ «ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ» ለማለትም ምንጭ ልጥቀስ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም እንደዚያው ነው። የትም የሚገኝ፣ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው። ንጉሡ ለምን ይህን ቦታ መረጡ ወደሚለው ስትገባ ግን ክርክር ውስጥ ገብተሃል። የማንን ሐሳብ እንደያዝክ ንገረን።

ጥያቄ፦ የእኛን ሰው ስም በሪፈረንስ እንዴት ነው የምጽፈው? አማካሪዬ አንድ ይላል፣ ሶፍትዌሩ ሌላ ያደርግብኛል።

መልስ፦ ሶፍትዌሩ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም እየመሰለው ነው። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። «ዘውዴ፣ ባ.» ብለህ ከጻፍክ ደራሲው አባትዬው ሆነው ቁጭ ይላሉ። በታሪክና በቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ልማዱ ሙሉ ስሙን ሳይገለብጡ መጻፍ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥም «ባሕሩ (1991)» ይባላል። ዞቴሮ የሚባለውን የሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ ስም ማስገቢያው አጠገብ ሁለቱን ሳጥን አንድ የሚያደርግ ምልክት አለ። እሱን ተጫንና ስሙን እንዳለ አስገባ።

ሕክምና ኮሌጅ ያላችሁ ግን እዚህ ላይ አትስሙኝ። የምትከተሉት ቫንኩቨር የሚባለውን የአጠቃቀስ ሥርዓት ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው የጀመሩት። እዚያ ደራሲዎቹ በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ማውጫ) በተመዘገቡበት አኳኋን ይጻፋሉ፤ የአባት ወይም የአያት ስም ቀድሞ ማለት ነው። ደስ አይልም፣ ግን አንባቢው ጽሑፉን የሚያገኘው በዚያ ስም ፈልጎ ነው። በቫንኩቨር ምንጭ የሚጠቀሰው በተራ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ በእጃችሁ አትጻፉ። መሀል ላይ አንድ ምንጭ ስትጨምሩ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይናጋል።

ጥያቄ፦ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ልቀይር ወይስ እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ የቱንም ምረጥ፣ ግን የትኛው እንደሆነ ጻፍ። አንድ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207,044 ነው ይልና ምንጩን «የ1999 ቆጠራ» ይለዋል። ቆጠራው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2007። ዓ.ም. የሚለውን የዘለለ ሰው ውጭ አገር ያለውን አንባቢ 8 ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው። በዚህ ምክንያት ስንት የዕድገት ስሌት እንደተበላሸ እግዜር ይወቀው። ለመጽሐፍ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት ጻፍ፤ መለወጥ ካስፈለገ ሁለቱንም አስቀምጥ። የታተመበትን ወር ካላወቅህ ወደ ፈረንጅ ስትቀይር የሚደመረው 7 ይሁን 8 በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ቁስቋም አካባቢ አንድ አባት ብዙ ታሪክ ነገሩኝ። መጽሐፍ አይደሉም፤ እንዴት ነው የምጠቅሳቸው? (ማራኪ ግቢ፣ ታሪክ)

ጥያቄ፦ ስለ ባህል መድኃኒት ጥናት ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ። ለማመስገን ብዬ የሰዎቹን ስም ልጻፍ? (ጤና ሳይንስ)

መልስ፦ ሁለቱን አብሬ ያመጣኋቸው መልሳቸው ተቃራኒ ስለሆነ ነው።

የታሪኩ ልጅ፣ ስማቸውን ጻፍ። እሳቸው ምንጭ ናቸው፤ ከመጽሐፍ አያንሱም። የታሪክ ትምህርት ክፍሎች የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይጠይቃሉ፦ ማዕረግና ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ የተነጋገራችሁበት ቀን። ነገሩን በዓይናቸው አይተው ነው ወይስ ከአባታቸው ሰምተው የሚለውን ጨምርበት፤ ለአንባቢ ትልቅ ልዩነት አለው። በምንም ዓይነት «እንደሚባለው» ብለህ አትለፈው። እንደሚባለው ማለት ማን አለ? ቅጂውን ከስልክህ አታጥፋ። ከመቅዳትህ በፊትም «አባ፣ ስምዎን ብጽፍ ይፈቅዳሉ?» በላቸው። አንዳንዱ ታሪኩን ይነግርህና ስሙን ይከለክልሃል። ያን ጊዜ ቃላቸውን አክብር፤ ስም ያልተጠቀሰው በፈቃዳቸው መሆኑን ግን ጻፍ።

የጤናዋ ልጅ፣ አትጻፊ። የፈቃደኝነት ቅጹ ላይ «ማንነትዎ በምስጢር ይያዛል» ብለሽ አስፈርመሻል። ምስጋና ብለሽ ያን ቃል ማፍረስ አትችዪም። «ተሳታፊ 4፣ ሴት» ይበቃል። የመንደሩ ስም ራሱ ሰውየውን የሚያስታውቅ ከሆነ እሱንም ተዪው፤ በአንድ ቀበሌ አንድ ታዋቂ መድኃኒት አዋቂ ብቻ ካለ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ባለመድኃኒቶቹ ራሳቸው «ስሜ ይጻፍልኝ፣ ዕውቀቱ የአባቶቼ ነው» ካሉ ግን ጥያቄያቸው ፍትሐዊ ነው። እሱን በራስሽ አትወስኚ። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጻፊና አስፈቅጂ። የቅጠሉን ቅመማ እንዳታወጪ ከለመኑሽ ደግሞ አታውጪ። ለጥናቱም ላያስፈልግሽ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ኤፒኤ ብዙ ተማሪ ያደናግራል። በኤፒኤ ከአዋቂ ጋር በስልክ ወይም በአካል ያደረጋችሁት ንግግር ጽሑፉ ውስጥ ይጠቀሳል እንጂ ዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ አንባቢ ፈልጎ ሊያገኘው አይችልማ።

ጥያቄ፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ጎንደር የጻፈውን ከሌላ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ብሩስን ልጥቀስ? ደግሞስ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖት የለ፣ መብቱ አልወደቀም?

መልስ፦ ያላነበብከውን አንብቤአለሁ አትበል። «ብሩስ፣ በእከሌ እንደተጠቀሰው» በል፤ ዋቢ ዝርዝርህ ውስጥ የሚገባው በእጅህ የያዝከው መጽሐፍ ነው። ይሄ ግን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጉዞውን በአምስት ቅጽ በ1790 አሳተመ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ሄደህ አንብበው። ጠቃሹ መሀል ላይ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። በኋላ የወጡ እትሞችም ስላሉ የትኛውን እንዳነበብክ ግለጽ፤ ገጹ አይገጥምም።

መብትን በተመለከተ፣ ያነሳኸው ሌላ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ያ ለማሳተምና ለማባዛት ነው። የማንን ሐሳብ እንደወሰድክ መናገር ግን ጊዜ አያልፍበትም። በ1790 የተጻፈውን የራስህ አስመስለህ ብታቀርብ ማንም አይከስህ ይሆናል፤ ዲፌንስ ላይ ግን ትወድቃለህ።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ አርቲክል ወደ አማርኛ ተርጉሜ ባስገባ ተርኒቲን (ኮፒ የሚፈትሸው ሶፍትዌር) አይዘኝም አሉ።

መልስ፦ ላይዝህ ይችላል። ፈታኙ ግን ሊይዝህ ይችላል፤ የተተረጎመ አማርኛ ከሩቅ ይታወቃል። ሐሳቡ የሰው ነው፣ ቋንቋ ስለቀየርክ ያንተ አይሆንም። ትርጉሙ የራስህ መሆኑን ገልጸህ ምንጩን ጥቀስ፣ ጣጣ የለውም።

ጥያቄ፦ በተርኒቲን ሲሚላሪቲዬ 28 ፐርሰንት መጣ። አለቀልኝ?

መልስ፦ ቁጥሩን ተይውና ሪፖርቱን ክፈቺ። ተርኒቲን የሚነግርሽ ምን ያህሉ ሌላ ቦታ ካለ ጽሑፍ ጋር እንደሚመሳሰል ነው፤ ሌብነት መሆኑን አይፈርድም። ዋቢ ዝርዝሩ፣ በአግባቡ የተጠቀሱ ጥቅሶችና የመጠይቁ ቅጽ ራሳቸው ቁጥሩን ያንሩታል። በተቃራኒው 8 ፐርሰንት የመጣለት ሰው ያችን 8 ፐርሰንት ከአንድ ሰው ላይ ሙሉ ገጽ ገልብጦ ሊሆን ይችላል። ስንት ድረስ እንደሚፈቀድ ትምህርት ክፍልሽን ጠይቂ። ቁጥሩን ለማውረድ ብለሽ ቃላት ብቻ አትገለባብጪ፤ ከላይ ያልኩትን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ሪፈረንስ አምጣልኝ ብዬው 10 ሰጠኝ። ልጠቀማቸው?

መልስ፦ አንድ በአንድ ካላገኘሃቸው አትጠቀም። የእውነተኛ ተመራማሪ ስም፣ የእውነተኛ መጽሔት ስም ይወስድና የሌለ ርዕስ ይፈጥራል። ዲኦአይ ቁጥሩን (የጽሑፉን የኢንተርኔት መለያ) ዲኦአይ ዶት ኦአርጂ ላይ አስገባው። የማይከፍት ከሆነ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካመጣ ጣለው። የሚከፍት ከሆነም አንብበው፤ አለ የተባለውን ላይል ይችላል። ለቋንቋ እርማት ተጠቅመህበት ከሆነ መግለጽ እንዳለብህ አማካሪህን ጠይቅ። ደራሲ አድርጎ ማስገባት ግን የማይታሰብ ነው፤ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴም አይፈቅድም፣ ለጽሑፉ ኃላፊነት መውሰድ አይችልምና።

ጥያቄ፦ ሰው ከፍዬ ባሠራስ?

መልስ፦ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የብራና መጽሐፍ ገጽ የለውም፤ እንዴት ይጠቀሳል?

መልስ፦ ያለበት ቦታ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ከዚያ የቅጠሉ ቁጥርና ፊት ወይም ጀርባ። ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ወደ መቅደላ ካስወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ከ1868 እ.ኤ.አ. በኋላ እንግሊዝ ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እዚያ ያለውን በዚያ ቁጥር ጥቀስ። እዚህ ደብር ውስጥ ያለውን ቁጥር ከሌለው የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ስምና ያየህበትን ቀን ጻፍ። ፎቶ ካነሳህ በማን ፈቃድ እንዳነሳህም ጨምር።

ጥያቄ፦ የፋሲል ግንብን ፎቶ ከጎግል ወስጄ «ምንጭ፦ ጎግል» ብዬ ጽፌያለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ ጎግል ፎቶ አላነሳም። ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ድረ ገጽ ክፈትና ፎቶ አንሺውንና የፈቃዱን ዓይነት ፈልግ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሰጠው ፈቃድ) ከሆነ በሚጠይቀው መንገድ ስሙን ጻፍ፤ ካልሆነ አስፈቅድ። አንተ ግን ጎንደር ነው ያለኸው። ወደ ፒያሳ ብቅ ብለህ ራስህ አንሳው፣ «ፎቶ፦ በአጥኚው» ብለህ ቀኑን ጻፍበት።

ጥያቄ፦ መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍት መልሻለሁ፣ ገጹን አልያዝኩም። በግምት ብጽፍ?

መልስ፦ በግምት አይጻፍም። ተመለሺና ፈልጊው፤ ከጠፋ ጥቅሱን አውጪው። ከእንግዲህ መጽሐፍ በያዝሽ ቁጥር መጀመሪያ የውስጥ ሽፋኑንና የጀርባውን ገጽ በስልክሽ አንሺ። አሳታሚውም፣ ዓመቱም፣ እትሙም እዚያ አለ። ከዚያ የምትጠቅሺውን ገጽ፣ ቁጥሩ ከታች እንዲታይ አድርገሽ።