በዓረፍተ ነገሩ መሀል የገባችው 12 ከየት መጣች?

አንዲት እናት ጽፋልኛለች። ለልጆች የመኝታ ሰዓት ያዘጋጀችው ባለ ሥዕል ተረት በወረቀት አምሮ ታተመ፤ ኢ-መጽሐፍ ሲሆን ግን ተበላሸ። መስመሩ እየተቆራረጠ ይወርዳል። «ጅቡም ቀስ ብሎ 12 በሩን ገፋው» ይላል። በአንዳንድ ታብሌት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። የጅቡ ሥዕል ደግሞ ከታሪኩ ቀድሞ ይመጣና ልጆቹ ሳይደነግጡ ያልፋል። «አንድ ልጅ አስተካክሎልኝ ነበር፣ ባሰበት» ትላለች።

እህቴ፣ ያቺ 12 ናት ነገሩን ያሳበቀችው። የገጽ ቁጥር ናት። ኢ-መጽሐፍሽ የተሠራው ለማተሚያ ቤት ከተላከው ፒዲኤፍ ይመስለኛል፣ ያውም በነፃ የኢንተርኔት መቀየሪያ። የቀረውም ጣጣ ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ በእጅሽ ያለውን ኢፐብ፣ ማለትም የኢ-መጽሐፉን ፋይል፣ ለመጠገን አትድከሚ። ወደ ዋናው ጽሑፍ ተመለሺ፣ ወርድም ይሁን የመጽሐፍ ዲዛይን ፕሮግራሙ ኢንዲዛይን። ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉንና የሥዕሎቹን ኦርጂናል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ። ኮፒ ሳይኖርሽ ምንም እንዳትነኪ።

ፒዲኤፍ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ትንሽ ላስረዝመው፣ ይህ ከገባሽ ሌላው ቀላል ነው። ፒዲኤፍ የተሠራው ገጹ በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነው። በውስጡ ያለው በአብዛኛው «ይህን ፊደል ከግራ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ርቀት ላይ አስቀምጥ» የሚል ትዕዛዝ ነው። አንቀጹ የት እንደሚያልቅ፣ 12 የታሪኩ አካል ትሁን የገጽ ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ የየትኛው ሥዕል እንደሆነ ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። እኛ አይተን እናውቃለን፣ መቀየሪያው ግን ይገምታል። መስመር ባለቀ ቁጥር አንቀጽ ያለቀ ይመስለዋል። ዲዛይነሩ ሥዕሉን ቀድሞ ካስገባው ሥዕሉን ቀድሞ ሊያወጣው ይችላል። ኢፐብ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውስጡ እንደ ድረ ገጽ በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ነው፤ አንቀጹ አንቀጽ ተብሎ ተሰይሟል፣ ቋሚ ገጽ ግን የለውም። ገጹን የሚሠራው ስልኩ ነው፣ አንባቢው ፊደሉን ባሳደገ ቁጥር እንደ አዲስ ይከፋፍለዋል።

ያ ልጅ ምን እንዳደረገም እገምታለሁ። ጽሑፉን በኢንተር ቁልፍ እየገፋ ከሥዕሉ ሥር አድርሶታል። በራሱ ስልክ ልክ መጣለት፣ በሌላው ስልክ ግማሽ ገጽ ባዶ ሆነ። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም ያናድደኛል፣ ቀጥሎ የሚሠራው ሰው መጀመሪያ የሱን ኢንተር ሲለቅም ይውላል።

አሁን ሲጂል የሚባለውን የኢፐብ ማዘጋጃ ፕሮግራም አውርጂ፣ ነፃ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት የራሱን የኤችቲኤምኤል ፋይል ስጪው፣ በአዲስ ገጽ ይጀምርልሻል። መጀመሪያ ጽሑፉን፣ ከሥሩ ሥዕሉን አድርጊ፤ ጅቡ በሰዓቱ ይመጣል። የሥዕሉን ቁመት በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ከስክሪኑ 60 በመቶ ገደማ ላይ ገድቢው፣ ካልሆነ ተገፍቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። ጽሑፉ ሥዕሉ ላይ የተጻፈ ከሆነ ቋሚ ገጽ ያለው ኢፐብ መሥራት ትችያለሽ፣ ታብሌት ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን ፊደሉ አይነበብም። ለአንቺ አልመክርም።

ሳጥኑ የፎንት ችግር ነው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ኢፐቡ ውስጥ አስገቢ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ፈቃዳቸውም ይህን ይፈቅዳል። ከየቦታው የተለቃቀመ ፎንት ተዪው። ጽሑፉን በግራ በኩል ብቻ አሰልፊው። የእኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑ በሁለቱም በኩል ሲወጠር መሀሉ ይበሳሳል። ከአራት ነጥብ በፊት ያለውን ክፍተትም አጥፊ፣ አለዚያ ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል።

ሥዕሎቹን ሠዓሊው በቴሌግራም ልኮልሽ ከሆነ ተጨምቀዋል። ፎቶ ተደርገው ሳይሆን እንደ ፋይል በድጋሚ ይላኩልሽ። ለኅትመት በሚውለው የቀለም ዓይነት በሲኤምዋይኬ የተዘጋጁ ከሆኑ ወደ ስክሪኑ ቀለም ወደ አርጂቢ ቀይሪያቸው፣ አለዚያ በአንዳንድ መሣሪያ ቀለማቸው ይበላሻል። ይህንንም ኮፒው ላይ ሥሪ፣ ኦርጂናሉን አትንኪ። ጄፔግ እየከፈቱ መልሶ ሴቭ ማድረግ በየጊዜው ጥራቱን ይበላዋል፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም።

መጽሐፉ መብራት ጠፍቶ የሚነበብ ስለሆነ የሌሊቱን ሞድ አብርተሽ እዪው። ነጭ ጀርባ ያለው ሥዕል በጥቁሩ ስክሪን ላይ ዓይን ይወጋል። ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ ብታደርጊው ደግሞ የጅቡ ጥቁር መስመር ይጠፋል። እኔ የምመርጠው ሠዓሊው እስከ ጠርዙ ድረስ ደብዘዝ ያለ ቀለም እንዲቀባው ነው።

በመጨረሻ ፋይሉን ስህተት በሚለቅመው ፕሮግራም በኢፐብቼክ ፈትሺ። ከዚያ ርካሽ ስልክ ላይ ክፈቺው፣ ፊደሉን ትልቁ ላይ አድርሺና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ በገጽ ሂጂ። ሥዕሉ ከጽሑፉ የተለያየበት ቦታ ካለ ቁመቱን ወደ 50 በመቶ አውርጂው።