የፊደል ኮድ ጥያቄዎች፦ ከሰሜን ሸዋ አንባቢያን የደረሱን

የፊደል ኮድ ጥያቄ የአንድ ቃል ፊደላት በሌሎች ፊደላት የተተኩበትን ሕግ ፈልጎ፣ ሌላ ቃል በዚያው ሕግ መለወጥን የሚጠይቅ ነው።

ከደብረ ብርሃን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በጣቴ ስቆጥር የአፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ) ፈተናው ሰዓት ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

እህታችን፣ 26ቱን ፊደላት በሙሉ ከነቁጥራቸው መሸምደድ አያስፈልግሽም። ኢ 5ኛ፣ ጄ 10ኛ፣ ኦ 15ኛ፣ ቲ 20ኛ፣ ዋይ 25ኛ መሆናቸውን ከያዝሽ፣ ከኤ እና ከቢ በቀር የቀሩትን ከእነዚህ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ወደፊት ወይም ወደኋላ በመሄድ ታገኛለሽ። ኤ በዜድ፣ ቢ በዋይ በሚተኩበት የግልብጥ ኮድ ደግሞ የሁለቱ ፊደላት ቁጥር ድምር ምንጊዜም 27 ነው።

ከሸዋ ሮቢት አንድ ሥራ ፈላጊ፦ «ዲ-ኦ-ጂ» «ኢ-ኪው-ጄ» ከተባለ «ሲ-ኤ-ቲ» ምን ይባላል? «ዲ-ቢ-ዩ» ብዬ መለስኩ፤ ስህተት ነው ተባልኩ።

ዲ ወደ ኢ በአንድ መሻገሩን አይተው ሌሎቹም እንዲሁ ይሄዳሉ ብለው ገምተዋል። ኦ ግን 15 ሲሆን ኪው 17 ነው፤ ጂ 7 ሲሆን ጄ 10 ነው። ስለዚህ ሕጉ በመጀመሪያው ፊደል ላይ 1፣ በሁለተኛው ላይ 2፣ በሦስተኛው ላይ 3 መጨመር ስለሆነ፣ ትክክለኛው መልስ «ዲ-ሲ-ደብሊው» ይሆናል። የፈተና አዘጋጆች በመጀመሪያው ፊደል ብቻ የሚገጥም አማራጭ ሆን ብለው ያስቀምጣሉና፣ ያገኙትን ሕግ በተሰጠው ምሳሌ የመጨረሻ ፊደል ላይ ሳይፈትኑ ወደ አማራጮቹ አይለፉ። ይህ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የሚያድነው ግን አንድ ሙሉ ጥያቄ ነው።

ከደብረ ሲና፦ መልሱ ካልታወቀኝ ልገምት?

በመጀመሪያ መመሪያውን ያንብቡ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ ባዶ አይተዉ።

ከመሐል ሜዳ አንድ መምህር፦ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን ተማሪዎች በራሳችን ፊደል ማለማመድ ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔም አጥብቄ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው በባዕድ ፊደል ሳይደናገር ሐሳቡን ሁሉ ሕጉን ፍለጋ ላይ ያውላል። ፊደላችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤቶች ስላሉት እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቀጣዩ ቤት ያሻግሩ፦ «ደብረ» «ዱቦሩ» ይሆናል። ቀጥለው «አንኮበር»ን ይስጧቸው። መልሱ «ኡኖከቡሮ» ነው፤ «ኮ» ሰባተኛ ቤት ስለሆነ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ቤት፣ ወደ «ከ» ይመለሳል። ይህን የተረዳ ተማሪ በእንግሊዝኛው ዜድ ላይ አንድ ሲጨመር ወደ ኤ መመለሱ አያስቸግረውም። ለበረቱት ደግሞ የሀለሐመን ተራ በአበገደ ተራ ይተኩላቸው፤ ሀ በአ፣ ለ በበ፣ ሐ በገ፣ መ በደ እየተተካ ይሄዳል።